ጣሪያ የነበረው ግንድ

በከተማችን በኮልተር ክሪክ መግቢያ ላይ አንድ ግንድ ተጋድሞ ነበር። ግንድ ስል አጥር የሚታጠርበት ዓይነት እንዳይመስላችሁ። አንዱ ሰው በሌላው ትከሻ ላይ ቢቆም እንኳ አናቱን ለመንካት የሚንጠራራበት፣ ርዝመቱ አውቶቡስ የሚያህል ዝግባ ነበር። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያው በክብር ተኝቷል። ዝናብ እንዳይነካው ጣሪያ ተሠርቶለታል። በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ የከተማው ወንዶች ተሰብስበው ጣሪያውን ይጠግኑለታል፣ ሁለቱን ጫፎች ቀለም ይቀቡለታል፣ ከዚያም ቢራቸውን ከፍተው ስለ ድሮው ጊዜ ሲያወሩ ይውላሉ። ከግንዱ ሁለት መቶ እርምጃ ራቅ ብሎ የቆመው ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ጣሪያው ማፍሰስ ከጀመረ ዘጠኝ ዓመት ሆኖት ነበር። ሁለቱን ነገር አያይዞ ያየ ሰው አልነበረም። ሰው መቼም አፍንጫው ሥር ያለውን አያይም።

የግንዱ ጠባቂዎች አለቃ ዴልመር ስትራውድ ይባላል። ዕድሜው ሰባ አንድ ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመት ዛፍ ሲቆርጥ ኖሮ ሁለት ጣቶቹን ለጫካው ከፍሎ ጡረታ ወጥቷል። ያንን ዝግባ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ከአባቱ ጋር ሆኖ የጣለው እሱ ራሱ ነው። ስለዚህ በግንዱ የቀለደ ሰው ከዴልመር ጋር ለአንድ ወር ሰላምታ አይለዋወጥም። ሚስቱ ናዲን ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመት የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ነበረች። በአንድ ጎጆ ውስጥ አንዱ ግንድ ይጠብቃል፣ ሌላዋ መጽሐፍ ትጠብቃለች፤ በሰላም ይኖሩ ነበር።

ሰላሙ የተበላሸው በድምፅ መስጫው ወረቀት ነው። በኛ አውራጃ ለመንገዱም፣ ለፖሊሱም፣ ለቤተ መጻሕፍቱም የሚከፍለው ጫካው ነበር። መንግሥት ከጫካው ዛፍ በሸጠ ቁጥር አውራጃው ድርሻውን ያገኛል፣ ሕዝቡ ኪሱን ሳይነካ ይኖራል። ኋላ ቆረጣው ቀነሰ፣ መሰንጠቂያ ፋብሪካው ተዘጋ፣ ድርሻውም ደረቀ። አውራጃው ጨነቀውና፣ ቤተ መጻሕፍት እንዳይዘጋ ትንሽ ግብር ብንጨምርስ ብሎ ሕዝቡን ጠየቀ። ሕዝቡ ምን አለ? «ጫካው ሲከፍለው የኖረውን ዛሬ እኛ የምንከፍለው በምን ዕዳችን ነው? ዛፉ እንደሆነ ቆሟል፤ ይቁረጡና ይክፈሉ» አለ። እንዲህ ዓይነት ስሌት ከዛፍ ቆራጭ በቀር ማንም አያሰላም።

ኦሬገን ውስጥ የድምፅ መስጫ ወረቀት በፖስታ እቤትህ ድረስ ይመጣል። ዴልመርና ናዲን ወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሞሉ። እሷ «እደግፋለሁ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። እሱ «እቃወማለሁ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገና ፖስታውን አሸገ። ናዲን ምን ብለህ ሞላህ አላለችውም፤ እሱም አልነገራትም። ቤተ መጻሕፍቱ ይዘጋ ብሎ እኮ አይደለም። አንድ ሰው እቃወማለሁ ቢል ምን ይጎዳል ብሎ ነው። ጣጣው፣ የከተማው ሰው ሁሉ ልክ እንደሱ አንድ ሰው መሆኑ ነበር።

ግብሩ ወደቀ፤ በግንቦት መጨረሻ ናዲን የቤተ መጻሕፍቱን በር ቆለፈች። ከዚያ ወዲህ ሥራ የሚፈልጉ ወንዶች ማመልከቻ የሚልኩበት ኮምፒውተር አጡ፤ ተራራውን ወርደው አንድ ሰዓት ይነዱ ጀመር። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲወጡ የሚገቡበት ጠፍቶ ነዳጅ ማደያው ደጃፍ ተገትረው ይውላሉ። ሽማግሌዎቹ ጋዜጣ እያነበቡ የሚነታረኩበት ወንበር ስለሌለ ቤታቸው ተቀምጠው ከሚስቶቻቸው ጋር ይነታረካሉ። ናዲን ግን ቁልፉን አልመለሰችም። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ካፖርቷን ደርባ ትወጣለች፤ ዴልመር ወዴት እንደምትሄድ ጠይቋት አያውቅም። ጠይቆ መልሱን መስማት ፈራ።

መስከረም ሲገባ ከአውራጃው ሕንፃዎች ክፍል ትሬቨር ሊንድኲስት የሚባል ወጣት ክፉ ፊት ሳያሳይ ክፉ ወሬ ይዞ መጣ።

«ሕንፃውንም መጻሕፍቱንም ለከተማችሁ እንለቃለን» አለ፤ በናዲንና በዴልመር ቤት በረንዳ ላይ ቆሞ። «እናንተ በፈቃደኝነት ታስተዳድሩታላችሁ። ግን ጣሪያው በዚህ ሁኔታ ፍተሻ አያልፍም፣ ወይዘሮ ስትራውድ። እስከ ጥቅምት ሃያ አዲስ ጣሪያ ካለው እፈርማለሁ። ከሌለው መጻሕፍቱን ጭነን በሩን በጣውላ እንመታለን።»

«መጻሕፍቱን የት ነው የምታደርሷቸው?» አለች ናዲን።

«መጋዘን።»

«የሚያነባቸው ማነው እዚያ? አይጥ?»

ትሬቨር አንገቱን ደፋ። «እኔ የታዘዝኩትን ነው፣ እሜቴ።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ከተማው በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ተሰበሰበ። ውጭ የዓመቱ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ይወርዳል። መድረኩን የያዘችው የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትነዳው ሮክሲ ቦሃነን ነበረች፤ ምላሷ ከመጋዝ ይሰላል።

«ሰው አለን» አለች ሮክሲ። «ሥራ ፈት ሰው ደግሞ ይተርፈናል። የሌለን እንጨት ነው።»

«እዚህ ቆመሽ ነው እንጨት የለም የምትይው?» አለ አንዱ ከኋላ። በመስኮቱ የሚታየው ሁሉ ዛፍ ነበር።

«ያ የመንግሥት ነው፤ ከጀርባው ያለው የኩባንያ ነው። ሂድና አንዲት ቅርንጫፍ ቁረጥ፤ እስር ቤት ስንቅ አመላልስልሃለሁ።»

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ይኼ ነው። በዛፍ ተከበን ለአንድ ጣሪያ የሚሆን እንጨት አጣን። ቆርቆሮ እንግዛ ተባለ፤ ዋጋው ሲነበብ ሐሳቡ እዚያው ወደቀ። ከዚያ ሃብ ቶለፍሰን ጉሮሮውን ጠረገ። ሃብ ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው፤ የመጋዝ ጩኸት ጆሮውን ስለበላው ሲያወራ ሁልጊዜ ከወንዝ ማዶ ላለ ሰው ነው የሚያወራው።

«በእጅ የተፈለጠ የዝግባ ክዳን ቢሆን» ብሎ ጮኸ፣ «እኔ ከሞትኩ በኋላ ሃምሳ ዓመት ያገለግላል።»

«አንተማ መቼ ሞተህ» አለች ሮክሲ። «ዝግባውን ከየት እናምጣው?»

ሃብ ዞር አለና በመስኮት ወደ ከተማው መግቢያ አየ። አጠገቡ ያለውም አየ። ቀስ በቀስ አዳራሹ በሙሉ ፊቱን ወደዚያው አዞረ።

«እንዳትሉት» አለ ዴልመር።

«ማን ምን አለ?»

«ብቻ እንዳትሉት።»

«እኔ ልበለው እንግዲህ» አለች ሮክሲ። «ዴል፣ እዚህ ከተማ ዝናብ የማይገባበት አንድ ቤት ጥራልኝ። የኔ ያፈሳል። ቤተ ክርስቲያኑ ያፈሳል። ቤተ መጻሕፍቱማ ወንፊት ነው። ደረቅ ሆኖ የሚያድረው ግንዱ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ እስከማውቀው ፊደል አልቆጠረም።»

አዳራሹ ሳቀ። ዴልመር ከወንበሩ ተነሳ፤ ፊቱ ደም መስሏል። «ያንን ግንድ የሚነካ መጀመሪያ እኔን ይንካ። ፋብሪካው ሄደ፣ ልጆቻችን ሄዱ። ማን እንደሆንን የሚያሳይ እሱ ብቻ ነው የቀረን!»

ናዲን ከፊት ረድፍ ተነስታ ካፖርቷን ደረበች።

«ወዴት ነው?» አላት።

«ዝናቡ በርትቷል፤ ባልዲዎቼን ልገልብጥ» ብላ ወጣች።

ተከትሏት ወጣ። ለምን እንደተከተላት ቢጠየቅ አያውቀውም፤ ተናዶ ስለነበር ከእሷም ጋር ሊጨቃጨቅ ይሆናል። ቤተ መጻሕፍቱ ከተዘጋ ጀምሮ ደፉን ረግጦት አያውቅም ነበር። ውስጡ የእርጥብ ወረቀት ሽታ አለው። ወለሉ ላይ አሥራ አንድ ባልዲ ተደርድሯል፤ እያንዳንዱ በራሱ ድምፅ ጠብ ጠብ ይላል። መደርደሪያዎቹን ሁሉ ብቻዋን ገፍታ ወደ መሃል አሰባስባቸዋለች፤ ላስቲክ አልብሳቸዋለች። አንድ ትልቅ የካርታ መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ፣ በየገጹ መሃል የወጥ ቤታቸው ፎጣ ገብቷል። ዴልመር ፎጣዎቹን አወቃቸው። ከመሳቢያ የጠፉ ጊዜ እንኳ የት ሄዱ አላለም ነበር።

«ያንን አንሣልኝ» አለች ናዲን፣ ባልዲ እያሳየችው። «እሱ ነው ቶሎ የሚሞላው።»

አነሳና ውጭ ደፍቶ መለሰው። ሁለተኛውን አነሳ። ሦስተኛውን ግን መልሶ መሬት አስቀምጦ ቆመ።

«ናዲን። እኔ እቃወማለሁ ብዬ ነው የሞላሁት።»

«አውቃለሁ» አለች፣ ፎጣ እየጨመቀች።

«ታውቂያለሽ?»

«እንደ ተማሪ ወረቀቱን በእጅህ ከልለህ ነበር እኮ የሞላኸው። ፖስታህን ስታሽግ ደግሞ ቀና ብለህ አላየኸኝም። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሬህ ኖሬ ይኼ ይጠፋኛል?»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ድምፁ ያንተ ነው፤ ምን ልበልህ? አንድ ቀን መጥተህ ባልዲውን እስክታይ ጠበቅኩ።» ፎጣውን አስቀመጠች። «በጣም ነው የቆየኸው፣ ዴል።»

ዴልመር ያን ቀን ያፈረውን ያህል በሕይወቱ አፍሮ አያውቅም። ቀሪዎቹን ዘጠኝ ባልዲዎች አንድ በአንድ ገልብጦ፣ እጁን በሱሪው ጠርጎ፣ በዝናቡ ውስጥ ወደ አዳራሹ ተመለሰ። ሰዉ ሊበተን ኮፍያውን ያጠልቅ ነበር።

«ቁጭ በሉ» አለ። «እኔ ግብሩን ተቃውሜ ነው ድምፅ የሰጠሁት። በሩን ሚስቴ ላይ የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

ሰዉ ተቀመጠ። ከዚያ ሃብ ቶለፍሰን «እኔም» ብሎ ጮኸ።

«እኔም» አለች ሮክሲ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የምዘጋው ግብሩን እንጂ በሩን አልመሰለኝም ነበር።»

እጆች ወጡ። ከወዲህ አንድ፣ ከወዲያ ሁለት፣ ከዚያ የመሃሉ ረድፍ በሙሉ። ባሎችና ሚስቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ እጃቸውን ሳያወርዱ እርስ በርስ ተያዩ።

«ግንዱ ማን እንደሆንን ያሳያል ብያችሁ ነበር» አለ ዴልመር። «አሳይቶናል። እሱን በጣሪያ ሥር አኖርን፣ ልጆቻችንን በዝናብ። ነገ ጠዋት መጋዜን ይዤ እዚያ ነኝ።»

ሰኞ ሲነጋ ግማሹ ከተማ ግንዱን ከቦ ቆሟል። ሃብ ዱላውን ይዞ ጫፉን መታ መታ አደረገው።

«ሆዱ ባዶ ቢሆንስ?» አለ። «ሽማግሌ ዝግባ እንደ ምክር ቤት አባል ነው፤ ውጭውን አይተህ አትመን።»

ይህን ዴልመርም ሌሊቱን ሲያስበው ነው ያደረው። ጫፎቹን ለሃምሳ ዓመት ቀለም ስለቀቧቸው ውስጡ ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ከበሰበሰ ቤተ መጻሕፍቱንም ግንዱንም አጥተው ባዶ እጃቸውን መቅረታቸው ነው። የሞተር መጋዙን አስነሳ፤ አባቱ በቆረጠበት ጫፍ ላይ ምላጩን አሳረፈ። መጀመሪያ የወጣው ግራጫ አቧራ ነበር። ቀጠለ። አቧራው ቡናማ ሆነ፣ ከዚያ እንደ ቀይ ሥር ቀላ፣ ከዚያ ሽታው መጣ። የዝግባ ሽታ ከፋብሪካው መዘጋት ወዲህ ያን ያህል ሸትቶን አያውቅም ነበር፤ ቆመው ከሚያዩት መሃል ፊታቸውን ያዞሩ ነበሩ። ጉማጁ ወድቆ ሲታይ መሃሉ እውነትም ባዶ ነው፤ ድመት የምትገባበት ቀዳዳ አለው። ዙሪያው ግን ከክንድ በላይ የሚወፍር ንጹሕ ሥጋ ነበር። ሃብ ጎንበስ ብሎ በጥፍሩ ጫረው።

«ይኼ ለቤተ መጻሕፍቱ ደርሶ ለሮክሲም ቤት ይተርፋል» አለ።

መቁረጡን ሁላችንም እናውቃለን፤ መፈለጡን የሚያውቅ ግን ጠፋ። የኛ ትውልድ በሞተር ነው ያደገው። በመጀመሪያው ቀን መፈልጫውን በእንጨት መዶሻ እየመቱ አንድ ክምር አወጡ፤ ገሚሱ ጠማማ፣ ገሚሱ እንደ ወንበር የወፈረ። ሃብ መጥቶ አየና ክምሩን በዱላው በታተነው።

«ማገዶ ነው ይኼ። ጉማጁን በየፍልጡ ገልብጡት። አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች። ያኔ አንዱ ጫፍ ይሳሳል፣ አንዱ ይወፍራል፤ ተደርቦ ሲመታ ውሃ መግቢያ ያጣል። እናቶቻችሁ ይኼን አልነገሯችሁም?»

«እናቴ ስለ ጣሪያ ሳይሆን ስላንተ ነው የነገረችኝ፤ ራቂው ብላ» አለች ሮክሲ፣ ጉማጁን እየገለበጠች።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሄደ። ዓመት ሙሉ ሶፋ ላይ የተኙ ወንዶች ጎሕ ሳይቀድ ይመጣሉ። ሴቶቹ ይደረድራሉ፣ ይቆጥራሉ፣ ያሸክማሉ። ሮክሲ ተማሪዎቹን አድርሳ በባዶው አውቶቡስ ፍልጡን ታመላልሳለች። አሮጌው የቤተ መጻሕፍት ጣሪያ ተነቀለ፤ የበሰበሰው ማገር በግንዱ ጣሪያ ማገር ተተካ። ዝናብ ሲመጣ ላስቲክ ይለብሳሉ እንጂ አይወርዱም። ናዲን ከታች ሆና ሾርባ በባልዲ ትሰጣለች፤ ከአሥራ አንዱ በአንዱ ነው ወይ ብለው ሲጠይቋት «ብላና ዝም በል» ትላለች። ዴልመር በሰባ አንድ ዓመቱ መሰላል ስለሚወጣ በየማታው ጉልበቱን ይዞ ያቃስታል፤ በየጠዋቱም መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው።

ጥቅምት ሃያ ሲነጋ ሰማዩ ተቀዶ ይወርድ ነበር። የቀረው የጣሪያው አናት ብቻ ነው፤ ዴልመር እዚያ ላይ በሆዱ ተኝቶ የመጨረሻዎቹን ይመታል። ሁለት ትልልቅ የጭነት መኪናዎች ተራራውን ሲወጡ ከላይ አያቸው። ባዶ ናቸው፤ መጻሕፍቱን ሊጭኑ ነው የመጡት። መዶሻውን አላቆመም። ትሬቨር ሊንድኲስት ከመኪናው ወርዶ፣ ዝናቡ ውስጥ አንገቱን ቀና አድርጎ ለረጅም ጊዜ አየ።

«አቶ ስትራውድ፣ እርስዎ ነዎት እዚያ ላይ?»

«ግባና ሥራህን ሥራ» አለ ዴልመር፣ ምስማር በጥርሱ እንደያዘ።

የመጨረሻውን ምስማር መታና ዝም ብሎ ተኛ። ዝናቡ ጀርባው ላይ ይወርዳል። ከሥሩ፣ በእንጨቱ በኩል፣ የትሬቨር ጫማ ይሰማዋል። ጥቂት እርምጃ ይሄዳል፤ ይቆማል። እንደገና ይሄዳል። አንድ ባልዲ ተነስቶ ሲቀመጥ ተሰማ። ሌላ ባልዲ። ዴልመር አሥራ አንዱንም ቆጠረ። ከዚያ ምንም የለም። እግዜር ያሳያችሁ፣ ምንም።  አንድ ቦታ ጠብ ብላ ይሆን? ጭስ ማውጫው ጥግ? እዚያ እኮ ሁለት ጊዜ ነው የደረብኩት፣ አለ ለራሱ።

ከዚያ በሩ ተከፈተና ሰው ሲገባ ሰማ። ብዙ ሰው። እግር፣ እግር፣ እግር። የሚጮህ ግን የለም፤ የሚያጨበጭብም የለም። ከቀብር የሚመለስ ሰው ነው እንደዚህ ዝም የሚል። ዴልመር መሰላሉን እንዴት እንደወረደ አያውቀውም። ትሬቨር ደጃፉ ላይ ነበር፤ ወረቀቱን ካፖርቱ ውስጥ እየከተተ ነው።

«ምን ሆነ?» አለው ዴልመር።

«ፈርሜያለሁ» አለ ትሬቨር። «አንዲት ጠብታ የለም። የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ራሱ እንዲህ ዓይነት ጣሪያ የለውም።»

«ታዲያ ሰዉ ምነው እንዲህ ጸጥ አለ?»

«ይግቡና ይዩ።»

ገባ። ከተማው በሙሉ ውስጥ ነው። ዛፍ ቆራጩ፣ ሾፌሩ፣ ልጁ፣ አሮጊቱ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ቆመዋል፤ ፊታቸው ሁሉ በሳቅ ሊፈነዳ ደርሷል፤ ሁሉም ግን አፉን ዘግቷል። ናዲን ጠረጴዛዋ ጋ ተቀምጣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋለች። ሃያ ስድስት ዓመት ያን ጣት ያየ ሁሉ እግሩ ገና ደፉን ሲያልፍ ዝም ማለትን ለምዷል። ሃብ ቶለፍሰን እንኳ፣ ያ ተናግሮ ማዶ የሚያሰማው ሰውዬ፣ ወደ ዴልመር ጆሮ ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ «አሸነፍን» አለው። ሹክሹክታ እንደሚችል በዚያ ቀን ነው የታወቀው።

ናዲን ከወንበሯ ተነሳች። ቤቱን ዞር ብላ አየች፤ ደረቁን ወለል፣ ወደ ቦታቸው የተመለሱትን መደርደሪያዎች፣ በሩ ላይ ውሃ እያንጠባጠበ የቆመውን ባሏን። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ አልጠረገችውም። ጣቷን ከከንፈሯ አወረደች።

«ለዛሬ ብቻ» አለች፣ «መጮኽ ይቻላል።»

የዚያን ጊዜ የወጣውን ጩኸት እኔ ልነግራችሁ አልችልም። የጭነት መኪናዎቹ ሾፌሮች ዛፍ ወደቀ ብለው ከመኪናቸው ዘለው ወጥተዋል። ሃብ ማዶውን አልፎ ተራራውን አሰማ፤ ሮክሲ ጠረጴዛ ላይ ወጣች፤ ዴልመር ናዲንን ከነጠረጴዛዋ ሊያቅፋት ደረሰ። ትሬቨር ደንግጦ ወደ ላይ አየ፤ ጣሪያው የሚነሳ መስሎት ነበር። ጣሪያው ግን ንቅንቅ አላለም።